የውጭ አገር እንግዳን ጅማ ለማድረስ፦ ከቪዛ ማመልከቻ እስከ ጅሬን ቤተ መንግሥት

በጅማ እንግዳ መቀበል የቆየ ልማድ ነው። ውጭ አገር የሚኖር ልጃችን የትዳር ጓደኛውን ይዞ ሊመጣ እንደሆነ ሲነግረን፣ ወይም አንድ ወዳጃችን የቡናን አገር ማየት እንደሚፈልግ ሲጽፍልን፣ ቀድመን የምናስበው ስለሚያርፍበት ክፍልና ስለሚቀርብለት ምግብ ነው። ለዓመታት እንግዶችን ስቀበል እንዳስተዋልሁት ግን በማረፊያ ወይም በምግብ ምክንያት የሚበላሽ ጉዞ ጥቂት ነው። ብዙው ጉዞ የሚበላሸው እንግዳው ገና ቤቱ ሳለ ነው፤ በቅጹ ላይ በተሳሳተ መንገድ በተሞላ ቀን፣ ለመጣበት ጉዳይ በማይሆን የቪዛ ዓይነት፣ ወይም ለመንገድ መጓተት ትርፍ ቀን ባለመተዉ።

ስለዚህ ይህን መመሪያ የጻፍሁት እዚህ ሆኖ እንግዳ ለሚጠብቅ ሰው ነው፤ ለቤተሰብ፣ ለአስጎብኚ፣ ለእንግዳ ማረፊያ ባለቤት። ቅጹን የሚሞላው እንግዳው ራሱ ቢሆንም፣ የሚሞላው እኛ በነገርነው ቀንና ዕቅድ ላይ ተመሥርቶ ነው።

ዕቅዱን ከጅማ ወደ ኋላ ይቁጠሩ

አብዛኛው እንግዳ በመጀመሪያ ርካሽ የአውሮፕላን ቲኬት ይፈልጋል፤ ከዚያ ቪዛ ይጠይቃል፤ በመጨረሻም በቀሩት ቀናት ውስጥ ጅማን ለማስገባት ይሞክራል። እኔ የምመክረው የዚህን ተቃራኒ ነው። እንግዳው ሊያየው የሚፈልገውን ነገር መጀመሪያ ይጠይቁት፤ ያ ነገር የሚታይበትን ወቅት ይንገሩት፤ ከዚያ ቀን ተነሥቶ ወደ ኋላ እየቆጠረ ወደ ቦሌ የሚገባበትን ዕለት ይወስን፤ ቪዛውንም ቲኬቱንም በዚያ ላይ ያቁም።

በጅማ ወቅት ማለት በዋናነት ዝናብና ቡና ነው። ዝናቡ በመጋቢት አካባቢ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ደግሞ ወደ ገጠርና ወደ ጫካ የሚያስገቡት የአፈር መንገዶች ጭቃ ይሆናሉ፤ አንዳንዶቹም ጭርሱኑ ለመኪና አይመቹም። የቡና ለቀማ የሚካሄደው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሲሆን፣ ቀዩን ፍሬ በዛፉ ላይ፣ የታጠበውንና ያልታጠበውን ቡና ደግሞ በማድረቂያ አልጋ ላይ ማየት የሚፈልግ ሰው በኅዳር ቢመጣ ሁሉንም ባንድ ጉዞ ያገኛል። በበጋው መጨረሻ ትንሽ ዝናብ ሲጥል ቡናው ነጭ አበባውን ያወጣና ሽታው አካባቢውን ይሞላዋል፤ አበባው ግን የሚቆየው ለጥቂት ቀናት ብቻ ስለሆነ ለእርሱ ብሎ ቀን መቁረጥ አይቻልም። ቤተ መንግሥቱንና ሙዚየሙን ብቻ ለማየት ለሚመጣ እንግዳ ማንኛውም ወቅት ይሆናል።

የጾም ወራትንም በዕቅዱ ላይ ማየት ያስፈልጋል። ጅማ ብዙ ሙስሊም ነዋሪ ያላት ከተማ ናት፤ በረመዳን ቀን ቀን የሚዘጉ ምግብ ቤቶች አሉ፤ ምሽቱ ግን ከሌላው ጊዜ ሁሉ የደመቀ ነው። እንግዳው ይህን አስቀድሞ ካወቀ እንደ እጦት ሳይሆን እንደ ዕድል ያየዋል። ሥጋ የማይበላ እንግዳ ደግሞ በኦርቶዶክስ ጾም ወራት፣ እንዲሁም በየረቡዑና በየዓርቡ፣ የጾም ምግብ በቀላሉ ያገኛል።

ቀኖቹን ስንቆጥር እኔ እንዲህ አደርጋለሁ፦ ለጅሬን ቤተ መንግሥትና ለከተማዋ ሁለት ቀን፣ ለቡና አገሮቹ ለአጋሮና ለጮጬ አንድ ቀን፣ ለቦንጋ ሁለት ሌሊት፣ ከአዲስ አበባ መሄጃና መመለሻ አንድ አንድ ቀን፣ አዲስ አበባ ውስጥ በመግቢያና በመውጫ አንድ አንድ ቀን፣ በዚያም ላይ አንድ ምንም ያልተያዘበት ቀን። ድምሩ ወደ አሥር ቀን ይደርሳል። ያልተያዘው ቀን እንደ ብክነት እንዳይታይ አደራ እላለሁ፤ በረራ ሲሰረዝ፣ ድልድይ ሲዘጋ ወይም እንግዳው ሆዱን ሲያመው ዓለም አቀፍ በረራውን የሚያድነው እሱ ነው።

ሁለት የቀን አቆጣጠር፣ ሁለት የሰዓት አቆጣጠር

ለዚህ ርእስ ሰፊ ቦታ የምሰጠው ዋጋ ስለከፈልሁበት ነው። አንድ ጊዜ ለውጭ አገር ወዳጃችን የቤተሰባችን ሠርግ ጥር 12 ቀን መሆኑን ጻፍሁለት። እሱም ጥርን ጃንዋሪ ብሎ ተረዳ፤ ቪዛውንም ቲኬቱንም ለጃንዋሪ 12 አመቻችቶ ጃንዋሪ 18 ለመመለስ ቲኬት ቆረጠ። በዚያ ዓመት የእኛ ጥር 12 በእነሱ ጃንዋሪ 20 ነበር። ድንኳኑ ሳይተከል መጥቶ፣ ሠርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው ሄደ። ቲኬቱ ሊለወጥ የማይችል ስለነበር ማስተካከል አልቻልንም፤ ስህተቱም የእኔ ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ለእንግዳ የምልከው ማንኛውም ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፋል፤ የሳምንቱም ዕለት ይጨመርበታል፤ ምክንያቱም «ማክሰኞ» የሚለው ቃል በሁለቱም አቆጣጠር ያው ማክሰኞ ነውና ስህተት ካለ ወዲያው ያጋልጣል። ኅዳር 1 በአብዛኛው ዓመት በኖቬምበር 10 ይውላል። ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ በሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ ግን ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከ የካቲት 21 ድረስ ሁሉም ቀን በአንድ ይገፋል፤ ያን ዓመት ኅዳር 1 የሚውለው በኖቬምበር 11 ነው። በልማድ «ስምንት ቀን ጨምር» እያሉ ከማስላት ይልቅ ሁለቱም አቆጣጠር የታተመበትን የግድግዳ ካላንደር ማየት ይሻላል።

ሰዓትም እንዲሁ ነው። የአውሮፕላን ቲኬት የሚጻፈው በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ሲሆን፣ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጩ፣ የባጃጅ ሹፌሩና አስጎብኚው የሚናገሩት ግን በእኛ ነው። «ሌሊት 11 ሰዓት መናኸሪያ እንገናኝ» የተባለ እንግዳ ሊመጣ የሚችለው ረፋድ ላይ ወይም ከእኩለ ሌሊት በፊት ነው፤ አውቶቡሱ ግን በእሱ ሰዓት ንጋት 5፡00 ላይ ይነሣል። መልእክት ስንልክ ሁለቱንም ሰዓት እንጻፍ።

የቪዛውን ዓይነት መለየት

እንግዳው ለምን እንደሚመጣ በግልጽ ይጠይቁት፤ ጅማ ውስጥ ይህ ጥያቄ ከሌላ ከተማ ይልቅ ይከብዳል። ወደ ላሊበላ የሚሄድ የውጭ አገር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቱሪስት ነው። ወደ ጅማ የሚመጣው ግን ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ለምርምር ወይም ለማስተማር፣ የጤና አገልግሎት በበጎ ፈቃድ ለመስጠት፣ ወይም ቡና ቀምሶ ለመግዛት ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሁሉ «ለጉብኝት ነው» ብለው የቱሪስት ቪዛ ሊያወጡ ሲሞክሩ አይቻለሁ፤ ይህን ማድረግ ተገቢ አይደለም። የቱሪስት ቪዛ ለሥራ አይሆንም፤ ለሥራ፣ ለንግድ፣ ለኢንቨስትመንትና ለመሳሰለው የራሳቸው የቪዛ ዓይነቶች አሉ፤ ከጋባዡ ተቋም ደብዳቤና ሌሎች ሰነዶችንም ይጠይቃሉ። እንግዳው የተጋበዘው በተቋም ከሆነ ደብዳቤውን መጻፍ ያለበት ያ ተቋም ነው፤ ቤተሰብ ወይም ሆቴል ሊተካው አይችልም። ጋዜጠኛና ዘጋቢ ፊልም ቀራጭ ደግሞ በተለየ ፈቃድ ብቻ ነው መሥራት የሚችለው፤ ካሜራውን እንደ ቱሪስት ይዞ ገብቶ በኋላ ፈቃድ እጠይቃለሁ ማለት ራሱንም አስጎብኚውንም ችግር ውስጥ ይከታል።

ትውልደ ኢትዮጵያውያንን በተመለከተ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። የኢትዮጵያ ሕግ ጥምር ዜግነትን ስለማይፈቅድ፣ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ልጃችን በቀድሞው የኢትዮጵያ ፓስፖርቱ መጓዝ አይችልም፤ ፓስፖርቱ የአገልግሎት ዘመኑ ያላለፈበት ቢሆንም። እንደ ውጭ አገር ዜጋ ቪዛ ያወጣል፤ ወይም ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የሚሰጠውን፣ በተለምዶ «ቢጫ ካርድ» የምንለውን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ይይዛል። መታወቂያው ካለው ለመግባት ቪዛ አያስፈልገውም። የካርዱ የአገልግሎት ዘመን አለማለፉን ከቲኬት ግዢ በፊት ማየት ግን ግድ ነው። የኬንያና የጅቡቲ ዜጎችም ያለ ቪዛ ይገባሉ።

ማመልከቻውን መሙላት

የቱሪስት ቪዛ በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚጠየቀው የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት በሚያስተዳድረው የመንግሥት ድረ ገጽ ነው። በፍለጋ ጊዜ ይህን የሚመስሉ፣ ተጨማሪ ክፍያ የሚጠይቁ የደላላ ገጾች ከትክክለኛው በላይ ተደርድረው ሊታዩ ይችላሉ። እንግዳው አድራሻው በ«ዶት ጎቭ ዶት ኢቲ» የሚያበቃ መሆኑን አይቶ ብቻ ይሙላ። የክፍያው መጠን ከጊዜ ወደ ጊዜ ስለሚለወጥ ከዚያው ገጽ ላይ ያንብብ እንጂ ባለፈው ዓመት ከመጣ ሰው ሰምቶ አይወስን።

ከማመልከቱ በፊት በእጁ ሊኖሩ የሚገቡት ነገሮች ጥቂት ናቸው፦ ከሚገባበት ቀን ጀምሮ ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግል ፓስፖርት፣ የፓስፖርቱ የመረጃ ገጽ ጥርት ያለ ቅጂ፣ የቅርብ ጊዜ የፓስፖርት ፎቶግራፍ፣ የሚያርፍበት አድራሻና ክፍያ የሚፈጽምበት ካርድ። ለእያንዳንዱ ልጅም ለየብቻው ማመልከት ያስፈልጋል።

ስም ሲሞላ ከፓስፖርቱ ሆሄ አንድ ፊደል እንኳ መለየት የለበትም። እኛ ስምና የአባት ስም እንደምንለው ሳይሆን በፓስፖርቱ ላይ የቤተሰብ ስም ተብሎ የተጻፈው በቤተሰብ ስም ቦታ፣ መጠሪያው በመጠሪያ ቦታ ይግባ። ትውልደ ኢትዮጵያውያን በዚህ ይቸገራሉ፤ የሄዱበት አገር የአባታቸውን ወይም የአያታቸውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ስለመዘገበው ቤት በሚጠሩበት ስምና በሰነዱ መካከል ልዩነት ይፈጠራል። ፓስፖርቱ ያለውን መከተል ነው።

የአድራሻውን ቦታ ስንሞላለት ጥንቃቄ እናድርግ። እንግዳው የመጀመሪያውን ሌሊት የሚያድረው አዲስ አበባ ከሆነ የዚያ ማረፊያ ስምና ስልክ ይጻፍ፤ የጅማውን አድራሻና የሚቀበለውን ሰው ስልክ ደግሞ በወረቀት ይዞ ይምጣ፤ ቦሌ ላይ የኢሚግሬሽን ሠራተኛ ቢጠይቀው ስልኩን ከፍቶ መፈለግ አይኖርበትም።

የቱሪስት ቪዛ በ30 ቀንና በ90 ቀን ይሰጣል። ከላይ እንደቆጠርነው ለአሥር ቀን የሚመጣ ሰው የ30ው ይበቃዋል። ነገር ግን ቤተሰብ ሊጠይቅ መጥቶ «እንዳየሁት» የሚል እንግዳ ካለ፣ ጅማ ከደረሰ በኋላ ለማራዘም ከመሯሯጥ ከመጀመሪያው የ90 ቀኑን ቢወስድ ይሻላል። ከተፈቀደው ቀን በላይ የቆየ ሰው በቀን የሚታሰብ መቀጫ ሳይከፍል ከአገር አይወጣም። ወደ ጎረቤት አገር ደርሶ የመመለስ ሐሳብ ያለው እንግዳም ቪዛው ለስንት ጊዜ መግቢያ እንደተሰጠ ከማረጋገጫው ላይ ያንብብ፤ የአንድ ጊዜ መግቢያ ከሆነ ናይሮቢ ደርሶ ሲመለስ ሌላ ቪዛ ያስፈልገዋል።

ማመልከቻው ከጉዞው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ይላክ። ማረጋገጫው በኢሜይል ሲደርስ ሦስት ነገሮች ከፓስፖርቱ ጋር ይመሳከሩ፦ ስም፣ የፓስፖርት ቁጥርና ቪዛው የሚጸናባቸው ቀናት። ቲኬቱ ከተለወጠም ቀናቱ ዳግመኛ ይታዩ። ከዚያ በወረቀት ይታተም። አየር መንገዱ ገና ከመነሻው ይህን ወረቀት ስለሚጠይቅ፣ ባትሪው ባለቀ ስልክ ላይ መተማመን አያዋጣም። በኤሌክትሮኒክ ቪዛ የሚገባው በቦሌ ዓለም አቀፍ አየር ማረፊያ ነው፤ በሞያሌ ወይም በሌላ የየብስ ድንበር በመኪና ለመምጣት የሚያስብ እንግዳ አስቀድሞ ወደ ኢትዮጵያ ኤምባሲ ሄዶ ያነጋግር።

ከቦሌ በፊት መታሰብ ያለባቸው

ቢጫ ወባ ካለባቸው አገሮች የሚመጣ መንገደኛ የክትባት ወረቀት ይጠየቃል። ስለ ወባ ግን ራሳችን ልንነግረው ይገባል፤ «ጅማ ደጋ ናት፣ ወባ የለም» የሚሉ ሰዎች አሉና። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ከፍ ብላ ብትገኝም ወባ አለ፤ ወደ ግቤ ሸለቆ ዝቅ ሲባልም ይብሳል። እንግዳው በአገሩ ከሐኪም ጋር ተማክሮ የመከላከያ መድኃኒት ይዞ ይምጣ፤ እኛም ክፍሉ ውስጥ አጎበር እንስቀል። ከጉዞ በኋላ ትኩሳት የያዘው ሰው በቸልታ እንዳያልፈው ይነገረው።

ድሮን ያለ ፈቃድ ይዞ መግባት አይቻልም፤ ከኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ፈቃድ ያላወጣ ሰው ጉምሩክ ላይ ይያዝበታል። የጅሬንን ኮረብታ ከላይ ለመቅረጽ የሚጓጉ እንግዶች ብዙ ናቸው፤ ፈቃድ ከሌላቸው ድሮኑን ቤታቸው ይተዉት።

የጥሬ ገንዘብ ነገርም አለ። አዲስ አበባ ውስጥ በካርድ የለመደ እንግዳ ጮጬ ሲደርስ ካርዱ አይሠራለትም። ገንዘቡን በባንክ መንዝሮ ደረሰኙን ይያዝ፤ ለገጠር ጉዞ ዝርዝር ብር ያዘጋጅ፤ ከባንክ ውጭ ልመንዝርልህ የሚለውን ሰው አይከተል። ሲም ካርድ በፓስፖርት ከኢትዮ ቴሌኮም ወይም ከሳፋሪኮም ይወጣል።

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ

በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። እንግዳው ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ በአገር ውስጥ በረራ ላይ ቅናሽ መኖር አለመኖሩን የዓለም አቀፍ ቲኬቱን አሳይቶ ይጠይቅ። ዓለም አቀፍ በረራው በሚነሣበት ዕለት ጠዋት ከጅማ ለመብረር ማቀድ ግን አደገኛ ነው፤ የጠዋት ጉም በረራን ያዘገያል። ቢያንስ አንድ ሌሊት አዲስ አበባ ይደር።

በመኪና መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ሰበታን፣ ቱሉ ቦሎን፣ ወሊሶንና ወልቂጤን አልፎ ወደ ግቤ ሸለቆ ይወርዳል። ከደጋው ተነሥቶ ወደ ሙቀቱ መውረድ፣ ወንዙን ተሻግሮ እንደገና መውጣት፣ ከዚያም በሶኮሩና በአሰንዳቦ በኩል እየለመለመ የሚሄደውን አገር ማየት በአውሮፕላን የማይገኝ ደስታ ነው። ጊዜ ካለው እኔ የምመርጥለት ሲመጣ በየብስ፣ ሲመለስ በአየር ነው፤ መመለሻው ላይ ነው መጓተት የማይቻለው። ይህን የምለው መንገዱ ሰላም ሲሆን ብቻ ነው። በመነሻው ዕለትና በዋዜማው በመስመሩ ላይ ላሉ ሰዎችና ለአውቶቡስ ድርጅቱ ደውለው ይጠይቁ፤ እንግዳው የአገሩ ኤምባሲ ያወጣውን ማሳሰቢያ ያንብብ፤ ጥርጣሬ ካለ በአውሮፕላን ይምጣ። በምሽት መጓዝ በማንኛውም ሁኔታ ይቅር። እንግዳን ለማስደሰት ብሎ «ምንም የለም» ማለት የእኛን አገር ሰው ብዙ ጊዜ ያሳስታል፤ እውነቱን የተነገረው እንግዳ ሌላ ቀን ይመጣል።

በግቤ ድልድይና በግልገል ግቤ ግድብ አካባቢ ፎቶግራፍ ማንሣት እንደሌለበት ከመድረሱ በፊት ይነገረው።

ጅሬን

የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከከተማው መሐል በስተሰሜን ምሥራቅ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በጅሬን ኮረብታ ላይ ይገኛል። በባጃጅ መውጣት ይቻላል፤ ዋጋውን ግን ከመነሣት በፊት ለደርሶ መልስ ተነጋግሮ መቁረጥ ነው፤ ሲመለሱ ባጃጅ ላይገኝ ይችላልና። በጠዋት ቢሄዱ ብርሃኑም ለፎቶግራፍ ጥሩ ነው፤ ከሰገነቱ ላይ ከተማዋ ከጉም ስትወጣ ትታያለች። ቤቶቹ በየጊዜው እድሳት ስለሚደረግላቸው በዕለቱ የትኛው ክፍል ክፍት እንደሆነ በዋዜማው ይጠይቁ። በዓርብ እኩለ ቀን ግን አይሂዱ፤ የጁምዓ ሰዓት ነው።

እንግዳው ሕንጻውን ብቻ አይቶ እንዲመለስ መተው ያሳዝነኛል። ከመሄዱ በፊት ባለው ምሽት ታሪኩን ይንገሩት። የጅማ መንግሥት የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1830 ገደማ በአባ ጅፋር ቀዳማዊ ነው፤ ከአምስቱ የግቤ መንግሥታት፣ ማለትም ከሊሙ እናርያ፣ ከጎማ፣ ከጉማና ከጌራ ጋር አንዱ ነበር። ቤተ መንግሥቱ የሚጠራባቸው አባ ጅፋር ዳግማዊ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ገዙ። ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር ጦር ከመማዘዝ ይልቅ ግብር ለመክፈል ተስማምተው የውስጥ አስተዳደራቸውን አስጠበቁ፤ በዚህም ምክር የእናታቸው የጉሚቲ ድርሻ ትልቅ እንደነበር ይነገራል። «አባ ጅፋር» የፈረስ ስም መሆኑን ሲሰሙ እንግዶች ሁልጊዜ ይገረማሉ። የቤተ መንግሥቱ እንጨት፣ የሰገነቱ አሠራር፣ በአጠገቡ ያለው መስጊድ ትርጉም የሚኖራቸው ይህን ካወቀ በኋላ ነው።

ወደ መስጊዱ የሚቀርብ እንግዳ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይልበስ፤ ሴቶች ለራስ የሚሆን ሻሽ ይያዙ፤ ከመግባት በፊት ጫማ ይወልቃል፤ ፈቃድም ይጠየቃል። ሰው ፎቶግራፍ ከማንሣቱም በፊት ይጠይቅ። ከአማርኛ ሰላምታ ሌላ «አካም ጅርታ» (እንደምን ነህ) እና «ገላቶማ» (አመሰግናለሁ) የሚሉትን ሁለት የኦሮምኛ ቃላት ቢያስተምሩት፣ ከጅሬን እስከ ጮጬ በሩን ሁሉ ይከፍቱለታል።

ከሰዓት በኋላ ከተማ ውስጥ ያለው የጅማ ሙዚየም ይታይ፤ የንጉሡ የግል ዕቃዎችና ከአንድ ግንድ ተፈልፍለው የተሠሩ ወንበሮች በዚያ አሉ። ባለ ሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ ሙዚየም ውስጥ አይቶ ቀጥሎ ወደ ጅማው መርካቶ ቢወርድ፣ ያው ጥበብ ዛሬም ሲሸጥ ያገኘዋል። በሄርማታ አካባቢ እየተራመደ የጣሊያን ዘመን ቤቶችንም ማየት ይችላል። ቦዬ ረግረግ ላይ ጉማሬ አለ፤ ጀንበር ስትጠልቅ ከሩቅ ይታይ፤ ወደ ውኃው መቅረብ ግን አይገባም።

አጋሮ፣ መልኮና ቦንጋ

አጋሮ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ ወደ ጎማ ወረዳ ጮጬ ይገባል። የጮጬ ሰዎች ቡና መጀመሪያ የተገኘው ከዚሁ፣ ካታ ሙዱጋ ከሚባለው ስፍራ ነው ይላሉ። ቦንጋ ሲደርስ ደግሞ የከፋ ሰዎች ስሙም ምንጩም ከእኛ ነው ይሉታል። በእንግዳ ፊት በዚህ መከራከር አይገባም። የዐረቢካ ቡና ዱር በቀል ሆኖ የሚገኘው በዚህ በደቡብ ምዕራብ ጫካ መሆኑ ለሁለቱም ክብር ነው፤ ሁለቱንም አፈ ታሪክ ከየባለቤቱ አፍ ይስማ።

ሙያው ቡና የሆነ እንግዳ መልኮ የሚገኘውን የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ለማየት መጠየቁ አይቀርም። ማዕከሉ የምርምር ቦታ ስለሆነ ያለ ቀጠሮ መሄድ አይገባም፤ ከሳምንታት በፊት በደብዳቤ ይጠየቅ። የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 አገር ውስጥ ከታየ በኋላ በሽታውን የሚቋቋሙት ዝርያዎች የተመረጡት ከዚሁ አካባቢ ጫካዎች ነው። ዛሬ የውጭ ቡና ቆዪዎች በቦርሳቸው ላይ የሚጽፉት 74110ና 74112 የሚሉ ቁጥሮች የዚያ ምርጫ ውጤቶች ናቸው፤ 74 የሚያመለክተውም የምርጫውን ዓመት፣ እ.ኤ.አ. 1974ን ነው።

ወደ ቦንጋ ያለው መንገድ በሸቤ በኩል በለጠ ከሚባለው ጫካ አጠገብ ያልፋል። ቦንጋ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ስላለች የጅማ አስጎብኚ ብቻውን አይበቃም፤ በዚያ ያለውን የባህልና ቱሪዝም ቢሮ ቀድሞ ማነጋገርና የአካባቢ አስጎብኚ መያዝ ያስፈልጋል። የከፋ ጫካ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። በአንድ ቀን ደርሶ ለመመለስ የሚሞክር ሰው የሚያየው መንገድ ብቻ ነው፤ ሁለት ሌሊት ያልሁት ለዚህ ነው። ዝናብ ካለ ወደ ማንኪራ የቡና ጫካ የሚወስደው የእግር መንገድ ይከብዳል፤ ጥሩ ጫማ ይያዝ።

ሲመለስ በሻንጣው የሚይዘው

ቪዛ በመግቢያ ላይ እንደሚታይ ሁሉ ሻንጣ በመውጫ ላይ ይታያል። ከጅማ ሲነሣ እንግዳው ቡና፣ ማርና የእንጨት ሥራ መያዙ አይቀርም፤ እኛም እንሰጠዋለን። ቡናው የተቆላ ቢሆን ይመረጣል። ከጫካ የለቀመውን ቀይ ፍሬ፣ ዘር ወይም ችግኝ ለማስታወሻ ብሎ መውሰድ ግን በሕግ የተከለከለ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት የአገሪቱ ጀነቲክ ሀብት ያለ ፈቃድ አይወጣም። ብዙ ቅን እንግዶች ይህን ስለማያውቁ በኪሳቸው ጥቂት ፍሬ ይከታሉ፤ ጮጬ ላይ ሆነን ልንነግራቸው የሚገባን እኛ ነን።

አዲስ የተሠራ በርጩማ ችግር የለውም፤ ከሻጩ ደረሰኝ ይቀበል። አሮጌ ወንበር፣ የጥንት ጌጥ፣ በእጅ የተጻፈ መጽሐፍ ወይም ቅርስ የሚመስል ማንኛውም ዕቃ ግን ከኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ማረጋገጫ ሳያገኝ አየር ማረፊያ ላይ አያልፍም። ማረጋገጫው የሚወጣው አዲስ አበባ በሥራ ቀን ነውና፣ የአዲስ አበባው የመጨረሻ ቀን ቅዳሜ ወይም እሑድ ላይ እንዳይወድቅ ዕቅዱ ገና በመጀመሪያ ሲቆጠር ይታሰብበት። ማሩ በደንብ ታሽጎ ወደ ጭነት ሻንጣ ይግባ፤ በእጅ ሻንጣ ከያዘው ፍተሻ ላይ ይቀርበታል። ፓስፖርቱን፣ የታተመውን ቪዛና የባንክ ደረሰኞቹን አንድ ላይ አድርጎ በእጅ ቦርሳው ይያዝ፤ ከጅማ አየር ማረፊያ ከመሸኘትዎ በፊት አንድ ጊዜ አብረው ይዩለት።